በክረምት የተዘራ አንድ ትሪ፦ ነፍሳት በል ችግኞችን የገደሉ ሁለት ሻጋታዎች

ሰኔ 15 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት፣ ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ሥር አንድ ትሪ ተቀመጠ። ትሪው ላይ 12 የፕላስቲክ ኩባያዎች አሉ። ስድስቱ ላይ ድሮሴራ ካፔንሲስ፣ አራቱ ላይ ሳራሴኒያ፣ ሁለቱ ላይ ዲዮኒያ ተዘርቷል። ሦስቱም ነፍሳት በል ዕፅዋት ናቸው። ድሮሴራ ካፔንሲስ የደቡብ አፍሪካ ኬፕ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ የሚያብረቀርቅ ሙጫ ያወጣል። ሳራሴኒያ የሰሜን አሜሪካ ረግረግ ተክል ሲሆን ቅጠሉ እንደ ቀንድ ዋንጫ ቆሞ የገባበትን ነፍሳት ያስቀራል። ዲዮኒያ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው፤ ዝንብ ሲነካው የሚዘጋው ቅጠል የእሱ ነው።

ሐምሌ ሲያልቅ ሁለት የሳራሴኒያና አንድ የዲዮኒያ ኩባያ ባዶ ቀርተዋል። ከድሮሴራዎቹም አንዱ ኩባያ ግማሹን አጥቷል። ዘሩ ደህና ነበር፣ በቅሏልም። የሞቱት የበቀሉት ናቸው።

የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ አንገቱ ላይ በስብሶ ሲወድቅ ያየ ሰው መድኃኒቱን ያውቀዋል፦ ውሃ ይቀንሳል፣ የአፈሩ ፊት እንዲደርቅ ይተዋል። እዚህ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም። የእነዚህ ተክሎች ዘር የሚዘራው አፈር ላይ ነው እንጂ አፈር ውስጥ አይደለም፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፣ የአፈሩ ፊት ለአንድ ቀን ከደረቀ ደግሞ የበቀለው ያልቃል። የድሮሴራ ችግኝ በመጀመሪያው ሳምንት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሥሩም እንዲሁ አጭር ነው። ስለዚህ ሻጋታ የሚወደው እርጥበት ለችግኙም የግድ ነው። ሌላ ቦታ መድረቅ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። የዚህ ትሪ ችግር ሁሉ የሚጀምረው አየሩ ከቆመበት ነው።

ትሪው እንዴት ተሰናዳ

የሳራሴኒያው ዘር ግንቦት 10 ቀን በእርጥብ ፒት (ረግረግ ውስጥ ከተጠራቀመ የዕፅዋት ብስባሽ የሚወጣ ቡናማ አፈር) ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ገባና ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ሳይሆን የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ አምስት ሳምንት ቆየ። ይህ ትክክል ነው። የሳራሴኒያ ዘር የአገሩ የብርድ ወራት ያለፈ እንዲመስለው ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ድሮሴራ ካፔንሲስና ዲዮኒያ ግን ቅዝቃዜ አያስፈልጋቸውም፤ በቀጥታ ይዘራሉ።

የውሃው ነገርም ጥሩ ነበር፦ የዝናብ ውሃ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በጀሪካን የተጠራቀመ፣ ጣሪያውን የሚያጥበው የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ዝናብ እየተደፋ። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ ከ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) በታች ነበር። ከ50 በታች እስከሆነ ድረስ ለእነዚህ ተክሎች ይስማማል። የቧንቧ ውሃ ግን ሳይለኩ መጠቀም አይገባም፤ የጉድጓድ ውሃ በሚደርሰው ሰፈር ያለው ማዕድን ሥሩን ቀስ በቀስ ያቃጥላል።

ስህተቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ከ12ቱ ኩባያዎች አምስቱ የተሞሉት ባለፈው ዓመት ሌላ ተክል በበቀለበት ፒት ነው፤ ሳይፈላ፣ ሳይታጠብ። የድሮሴራው ዘር ከነገለባው ተበተነ፣ አንዱ ኩባያ ላይ ደግሞ መሬቱ እስከማይታይ ድረስ። ትሪው ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቆመና 12ቱም ኩባያዎች ከታች በተበሱት ቀዳዳዎች አንዱን ውሃ ተጋሩ። ከላይ የኬክ ማሸጊያ ጠፍጣፋ ክዳን ተገጠመ፤ ቀዳዳ የለውም። ብርሃኑ የመስኮቱ ብቻ ነበር። የክረምት ደመና ሲጫነው ያ ብርሃን ለችግኝ አይበቃም፤ ችግኙ ረዝሞ፣ ቀጥኖ፣ ልስልስ ሆኖ ይወጣል፣ ልስልስ አንገት ደግሞ ለሻጋታ በር ነው።

ድሮሴራው ሐምሌ 8 በቀለ፣ ዲዮኒያው ሐምሌ 12፣ ሳራሴኒያው ከሐምሌ 18 ጀምሮ። ሐምሌ 20 ላይ ችግኞቹን ለማፋጠን የዓሣ ምግብ ተፈጭቶ በሁሉም ኩባያ ላይ እንደ ጨው ተነሰነሰ። ክዳኑ አሁንም እንደተገጠመ ነው።

ሐምሌ 24

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በአንድ የሳራሴኒያ ኩባያ ነው። ክዳኑ ከውስጥ በጤዛ ተሸፍኗል። ከመሐሉ አንድ ጠብታ ወርዶ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። በዚያ ቦታ ዙሪያ፣ የ3 ሴንቲ ሜትር ክብ በምታህል ስፋት፣ አራት ችግኞች ተኝተዋል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ግራጫ ፀጉር የመሰለ ነገር ካልበቀሉት ዘሮች ቅርፊት ላይ ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ችግኝ ቅጠል ተሻግሯል። በፀጉሩ ጫፍ ላይ ደቃቅ ዱቄት አለ። ክዳኑ ሲነሣ ያ ዱቄት እንደ ጭስ ብን አለ። ይህ ቦትራይተስ ነው፣ ግራጫ ሻጋታ የሚባለው። የሚወደው ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ ክረምት ላይ አንድ የአዲስ አበባ ክፍል የሚኖረው ሙቀት ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያርፈው በሞተ ነገር ላይ ነው፦ በዘር ቅርፊት፣ በገለባ፣ በዓሣ ምግብ ፍርፋሪ። እዚያ ከጠነከረ በኋላ ሕያው የሆነውን ይይዛል።

በዲዮኒያው ኩባያ የታየው ግን ሌላ ነው። ፀጉር የለም፣ ዱቄት የለም። ሦስት ችግኞች አረንጓዴ እንደሆኑ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ከአፈሩ ጋር የሚገናኙበት አንገት ውሃ እንደነካው ወረቀት ሰልሎ፣ ገርጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። በወረንጦ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ላይኛው ክፍል ብቻ ተበጥሶ ይመጣል፣ ሥሩ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ፒቲየም ነው። ፒቲየም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፣ የውሃ ሻጋታ ነው። የሚራባበት ደቃቅ ዘር ጅራት ስላለው በውሃ ውስጥ ይዋኛል። ትሪው ውስጥ የቆመው የጋራ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ መሻገሪያው ነበር፤ የተመታው የዲዮኒያ ኩባያ በአሮጌ ፒት ከተሞሉት አንዱ መሆኑም አያስገርምም።

በዓይን ብቻ የሚለይ ሌላ ሦስተኛም አለ፦ ራይዞክቶኒያ የተባለው ፈንገስ። እሱ ከሆነ አንገቱ ላይ ቡናማ፣ ደረቅ፣ የተቆነጠጠ የሚመስል ቁስል ይታያል፣ አፈሩ ላይም የሸረሪት ድር የመሰለ ቡናማ ክር ይዘረጋል። በዚህ ትሪ ላይ አልታየም። ሌላው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው አፈር ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ልስልስ ንጣፍ ነው፤ እሱ አልጌ ነው፣ ችግኝ የሚያበሰብስ ሻጋታ አይደለም። ብርሃን፣ ውሃና ማዳበሪያ እንደበዛ ብቻ ይናገራል።

ቀረፋና ሪዶሚል

ሐምሌ 25 ላይ የተፈጨ ቀረፋ በሁሉም ኩባያ ላይ ተነሰነሰ። ቀረፋ ውስጥ ሻጋታን የሚያግድ ዘይት አለ፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለ2 ሚሊ ሜትር የድሮሴራ ችግኝ የቀረፋ ዱቄት ብርድ ልብስ ነው፤ ብርሃኑን ይከለክለዋል፣ ሙጫው ላይ ይጣበቃል። ግማሹን ያጣው የድሮሴራ ኩባያ በሻጋታ አልተጎዳም። በቀረፋው ታፍኖ ነው። ቀረፋ ከተፈለገ ዘር ሳይበተን በፊት፣ በጣም በስሱ፣ ወይም ለትልልቆቹ የሳራሴኒያ ችግኞች ዙሪያ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሐምሌ 28 ላይ ለድንችና ለቲማቲም የሚሸጠው ሪዶሚል ተበጥብጦ ተረጨ። እዚህ ላይ በሽታውን በስሙ ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ጎልቶ ይታያል። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል የሚሠራው እንደ ፒቲየምና እንደ ድንች ዋግ ባሉ የውሃ ሻጋታዎች ላይ ነው። ቦትራይተስን አይነካውም። አብሮት ያለው ማንኮዜብ ደግሞ ተከላካይ ነው፣ ገና ያልተያዘውን ቅጠል ይሸፍናል እንጂ የተያዘውን አያድንም። ስለዚህ የዲዮኒያው መውደቅ ትንሽ ሲቀዘቅዝ የሳራሴኒያው ግራጫ ፀጉር ቀጠለ፤ እንዲያውም በመርጫ የተረጨው ውሃ የሻጋታውን ዱቄት ወደ ሁለተኛው ኩባያ አደረሰው። ክዳኑ ተመልሶ ተገጠመ። ከርጭቱ በኋላ ክዳን መግጠም የቀረውን ዕድል ማጥፋት ነበር።

መዳብ ያለበት መድኃኒት አልተረጨም፣ ጥሩም ሆነ። ነፍሳት በል ዕፅዋትን የሚያበቅሉ ሰዎች መዳብን ይሸሻሉ፤ እነዚህ ተክሎች ማዕድን ድሃ በሆነ አሲዳማ ረግረግ የኖሩ ናቸውና ሌላው ተክል የሚችለውን አይችሉም።

መስፋፋቱን ያቆመው ሥራ

ሐምሌ 30 ላይ መድኃኒቱ ቆሞ ሥራው ከሥር ተጀመረ። መጀመሪያ ኩባያዎቹ ተለያዩ። እያንዳንዱ የራሱ የሲኒ ማስቀመጫ ተሰጠው፣ የታመሙት ወደ ሌላ ክፍል ተወሰዱ። ትሪው አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተደባልቆ 10 ደቂቃ ከተነከረ በኋላ በደንብ ታጠበ።

ከዚያ ቆሻሻው ወጣ። የወደቀ ችግኝ ብቻውን አይለቀምም፤ ከታመመው ጠርዝ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው በኩል ገብቶ በሻይ ማንኪያ ከነአፈሩ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆረጣል። ይህ ልብ ይነካል፣ ጤነኛ የሚመስል ችግኝም አብሮ ይሄዳልና። ግን ክሩ ከሚታየው ቀድሞ ሄዷል። ያልበቀለ ዘር፣ ቅርፊትና የዓሣ ምግብ ፍርፋሪ በወረንጦ አንድ በአንድ ተለቀመ፤ ወረንጦው ከኩባያ ኩባያ ሲሻገር በ70% አልኮል ይጠረግ ነበር።

ክዳኑ በአንድ ጊዜ አልተነሣም። በጠገበ እርጥበት ውስጥ የበቀለ ችግኝ ድንገት ደረቅ አየር ሲመታው ይጠወልጋልና፣ ሁለት ቀን በእርሳስ ውፍረት፣ ሁለት ቀን በግማሽ፣ በአምስተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ትንሽ ቬንትሌተር ከኩባያዎቹ 1 ሜትር ርቃ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተተከለች፤ ነፋሱ ግድግዳውን መትቶ ለስለስ ብሎ ይመለሳል። በቀጥታ ከነፈሰ የድሮሴራን ፊት ያደርቃል። ቅጠሉ ሲወዛወዝ ሳይታይ፣ ቅርብ የተያዘ የጧፍ ጭስ ግን የሚንገዋለል ከሆነ ልኩ እሱ ነው።

የቆመው ውሃ ከ3 ሴንቲ ሜትር ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወረደ። ማስቀመጫው ሲደርቅ ብቻ፣ በዚያው ቀን፣ ከታች ይሞላል። ከላይ መርጨት ቀረ። ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ25 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በቀን 14 ሰዓት በራ።

ግራጫው ፀጉር በሁለት ቀን ደርቆ ጠፋ። ከነሐሴ 3 በኋላ በሳራሴኒያና በድሮሴራ ላይ አዲስ የወደቀ የለም። ሁለተኛው የዲዮኒያ ኩባያ እስከ ነሐሴ 5 ድረስ ሁለት ችግኝ ጥሎ ቆመ።

የጥቅምቱ ዘር

ሁለተኛው ዙር የተዘራው ጥቅምት 5 ቀን ነው፣ ክረምቱ ካለፈ፣ ፀሐይ ከበቃ በኋላ። የዝናብ ውሃው ከነሐሴ የተጠራቀመ ነው። አዲሱ የሳራሴኒያ ዘር ማቀዝቀዣ የገባው ነሐሴ 28 ስለሆነ ስድስት ሳምንቱን ሞልቷል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ፒት በእጅ ተጨምቆ ጠብታ የማይወጣው ብቻ እርጥብ ነበር፤ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሻጋታው እዚያው ይጀምራልና በየሳምንቱ ተከፍቶ መታየት አለበት።

ፒቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለአበባ እርሻና ለችግኝ ጣቢያ የሚመጣው ጆንያ ብዙ ጊዜ ኖራና ማዳበሪያ ተጨምሮበታል፤ ያ ለእነዚህ ተክሎች መርዝ ነው። ጆንያው ላይ የተጻፈው ፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ3.5 እስከ 4.5 ከሆነ ጥሬ ነው። 5.5 ወይም 6 ካለ ኖራ ገብቶበታል። ድብልቁ ሁለት እጅ ጥሬ ፒት፣ አንድ እጅ ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) ነው። ፐርላይት ካልተገኘ የታጠበ የኳርትዝ አሸዋ ይሆናል፤ ግን አንድ ማንኪያ አሸዋ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ይደረግ። አረፋ ከደፈቀ ኖራ አለበት፣ አይሆንም።

ድብልቁ በእንፋሎት ታከመ። ድስት ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ ከላይ ወንፊት ይቀመጣል፣ እርጥበት ያለው ድብልቅ በ8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይዘረጋበታል፣ የምግብ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ይሰካል። መሐሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ እሳቱ ይቀንስና ለ30 ደቂቃ እዚያ አካባቢ ይያዛል። ይህ ልክ የቆየ ነው፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬኔት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አየር በተቀላቀለበት እንፋሎት አፈር ማከምን ካስተዋወቁ ወዲህ የችግኝ ባለሙያዎች 60 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሲሠሩበት ኖረዋል። ፒቲየምን፣ ራይዞክቶኒያንና ቦትራይተስን ለመግደል ይበቃል፣ ከጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን ግን ብዙዎቹን ያስተርፋል። እስከ 90 ዲግሪ የተቀቀለ አፈር ሁሉም የሞተበት ባዶ ሜዳ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰው ሻጋታ ያለ ተቀናቃኝ ይወርሰዋል። አፈር አብዝቶ የቀቀለ ሰው ከማንም በላይ ሻጋታ የሚያየው ለዚህ ነው። ትራይኮደርማ የተባለው ጠቃሚ ፈንገስ ከተገኘ የሚቀላቀለው ድብልቁ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የሳራሴኒያና የዲዮኒያ ዘር በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተቋጥሮ በበረኪና ታጠበ፦ 5% የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ 5 ደቂቃ። ሳሙናው የገባው የሳራሴኒያ ቅርፊት ሰም ስላለው ውሃ ስለሚገፋ ነው። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ የዝናብ ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቀለቀ። የድሮሴራ ዘር ግን እንደ ጥቁር አቧራ የደቀቀ ስለሆነ አይታጠብም፤ ገለባው ብቻ ይለያል። ዘሩ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረግና ወረቀቱ ዘንበል ተደርጎ በጣት መታ መታ ይደረጋል። ዘሩ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ገለባው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ገለባ ነው ኩባያ ላይ ከቀረ ለሻጋታ ስንቅ የሚሆነው። ከዚያ ዘሩ ከአንድ ቁንጥር ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ተበተነ፣ በዘርና በዘር መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር።

ክዳኑ በጥቅምት ተመልሶ መጥቷል፣ የበጋው አየር ደረቅ ነውና። አሁን ግን በጋለ ሚስማር 12 ቀዳዳ ተበስቶለታል፣ ጠብታው ወደ ጎን እንዲወርድ ዘንበል ተደርጎ ተቀምጧል፣ ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ይነሣል። ከዘሩ ግማሹ ሲበቅል የመክፈቱ ሥራ ተጀመረ። በክረምት ለሚዘራ ግን ክዳን ጨርሶ አያስፈልግም ብንል አናጋንንም፤ የሐምሌ የአዲስ አበባ አየር ራሱ እርጥብ ነው።

ምግብ እስከ ሁለተኛው ወር አልተሰጠም። ድሮሴራው እውነተኛ ቅጠል አውጥቶ ሙጫው በማጉያ ሲታይ፣ የዓሣ ምግብ ፍርፋሪ በእርጥብ የጥርስ ስንጥር ጫፍ፣ ለአንድ ተክል በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። ቅጠሉ ያልታጠፈበት ፍርፋሪ በማግስቱ ይነሣል። አፈር ላይ የወደቀ ምግብ የተክሉ አይደለም።

ትንንሽ ጥቁር ትንኞች በኅዳር መጡ። እጫቸው ነጭ፣ ራሱ ጥቁር ነው፤ ፒት ውስጥ ሆኖ ለጋ ሥር ይበላል፣ የሻጋታ ዘርም ከኩባያ ኩባያ ይሸከማል። ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀት ተሰቀለ፣ ከሐምሌ የተረፉት ድሮሴራዎችም፣ አሁን የአውራ ጣት ያህል ሆነው፣ ከአዲሶቹ ጎን ተደረደሩ። በየቅጠላቸው ላይ ሁለት ሦስት ትንኝ ተጣብቆ ይታያል።

በዚህ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ችግኝ ወደቀ፤ ኅዳር 2 ቀን፣ በአንድ የሳራሴኒያ ኩባያ ጠርዝ፣ ሁለት ችግኝ፣ ግራጫ ፀጉር ከአንድ ያልበቀለ ዘር ላይ ተነሥቶ። በሻይ ማንኪያ ከነአፈሩ ተቆርጦ ወጣ፣ ጉድጓዱ በታከመ ፒት ተሞላ፣ ኩባያው ለአሥር ቀን ለብቻው ተቀመጠ። በዚያ ኩባያ የቀሩት አሥራ አንድ ችግኞች በታኅሣሥ የመጀመሪያዋን ትንሽ ቀንድ ዋንጫ አውጥተዋል።